እኩለ በረራ ላይ ምን ተረፈ? የቢዝነስ ክላስ ሰልፍ ሰርቪስ ሲመዘን

የቢዝነስ ክላስ ግምገማ የሚጽፍ ሰው ሁሉ ከወንበሩ ይጀምራል። ይዘረጋል አይዘረጋም፣ በር አለው የለውም፣ ሻምፓኙ የየትኛው ቤት ነው፣ ፒጃማ ይሰጣሉ አይሰጡም። ይህን ሁሉ ለሚያውቁበት ትቼ እኔ አንዲት ጥግ ብቻ ልመዝን ተነስቻለሁ፤ እራት ተነስቶ፣ መብራት ደብዝዞ፣ ካቢኑ ማንኮራፋት ሲጀምር ተሳፋሪው ራሱ ሄዶ የሚበላና የሚጠጣ የሚያነሳባትን ጥግ፤ ሰልፍ ሰርቪስ የሚሉት ይህን ነው። በአንዱ አውሮፕላን ባር ትሆናለች፣ በሌላው የመስታወት በር ያላት ትንሽ ፍሪጅ፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ ጋሊው፣ ማለትም የአስተናጋጆቹ ማዕድ ቤት፣ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ቅርጫት ናት።

ነገሩ ለምን እንደሚያሳስበኝ ልንገራችሁ። ሥራዬ የጉባኤ አስተርጓሚነት ነው። ትኬቱን የሚቆርጠው የጠራኝ ክፍል ነው፤ ቢዝነስ ክላስ የሚያስቀምጡኝም ለክብሬ ተጨንቀው ሳይሆን፣ ከአውሮፕላን ወርጄ ብዙም ሳልቆይ ጠባቧ የመስታወት ክፍል ውስጥ ገብቼ ማዳመጫ ስለማጠልቅ ነው። እንቅልፍ ያጣ አስተርጓሚን መጀመሪያ የሚከዳው ቁጥር ነው፤ ሚሊዮኑ ቢሊዮን ይሆንበታል፣ ልመልሰው ሲል ተናጋሪው ሌላ ጉዳይ ላይ ደርሷል። ስለዚህ እንደተሳፈርኩ "እራት ይቅርብኝ፣ አትቀስቅሱኝ" እልና እጠቀለላለሁ። አምስት ስድስት ሰዓት ያህል እንደበረርን ሆዴ ይቀሰቅሰኛል። የአንድ አየር መንገድ መስተንግዶ ለእኔ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ የተደረደረው ምንም ቢያምር አይመለከተኝም፤ የምጠይቀው እኩለ በረራ ላይ ምን እንደተረፈ ነው።

በቅድሚያ ባርን ከሰልፍ ሰርቪስ እንለይ፤ ማስታወቂያዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ይጨፈልቋቸዋል። የኤምሬትስ ባለ ሁለት ፎቅ አውሮፕላን ኤ380 እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ በላይኛው ፎቅ የኋላ ጫፍ ላይ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ባንኮኒና ሶፋ ይዞ ይበርራል፤ የኳታር ኤርዌይስ ኤ380ም እዚያው ፎቅ ላይ ላውንጅ አለው። ቨርጂን አትላንቲክ ባርን ለረጅም ዘመን መለያው አድርጎ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ከኤርባስ ኤ350-1000 ጋር ሎፍት የተባለውን መቀመጫ ያለው ቦታ አመጣ። ያምራሉ። ልደት ለሚያከብር፣ ከባልደረባው ጋር ለሚጓዝ፣ ጨዋታ ለሚፈልግ ሰው የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ትልልቆቹ ባሮች ላይ መጠጡን የሚቀዳው ከባንኮኒው ጀርባ የቆመ አስተናጋጅ ነው፤ ይህ ሰልፍ ሰርቪስ አይባልም። ደግሞም በዚያ ሰዓት እኔ ጉንጬ ላይ የትራስ መስመር ያለብኝ፣ በካልሲ የቆምኩ ሰው ነኝ። ስለ ሪል እስቴት ከሚያወጋ ከማላውቀው ሰው ጎን ተቀምጬ ወይራ መልቀም አይሆንልኝም።

የእኔ ዓይነቱ ዝም ያለው ነው። ብሪቲሽ ኤርዌይስ ክለብ ኪችን ብሎ ጋሊው ውስጥ የሚያዘጋጀው፣ አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ2013 ከቦይንግ 777-300ኢአር ጋር ያስገባው ቆመው የሚያነሱበት ባር፣ ኤምሬትስ እ.ኤ.አ. በ2018 ባደሳቸው 777-200ኤልአር አውሮፕላኖች ላይ ቺፕስ፣ ሳንድዊችና ፍራፍሬ የሚያስቀምጥበት ትንሽ ቦታ የዚህ ወገን ናቸው። ቨርጂንም በኤ330ኒዮው ሎፍት ላይ ተሳፋሪው ራሱ የሚከፍተው ፍሪጅ ጨምሯል። ይህን ሐሳብ ወድጄዋለሁ፤ ሰው ባይቆምበትም ሥራውን የሚሠራ ባር ነው። በወንበሩ ጎን የምትገጠመው ሚኒ ባርም አለች፤ ውሃና ለስላሳ ይዛ እጅ ሥር ትቀመጣለች። በመስኮት በኩል ለተቀመጠና የጎረቤቱን እግር መሻገር ለሚያፍር ሰው ጥሩ ናት፤ መብል ስለሌላት ግን ከዚህ በላይ አልሄድባትም።

ካየኋቸው ሁሉ የበለጠው ይህን ይመስል ነበር። ሁለቱን የቢዝነስ ክላስ ክፍሎች በሚለየው መተላለፊያ ላይ፣ ከጋሊው ውጪ፣ ወገብ ከፍታ ላይ የተሠራ መደርደሪያ። ከላይ ዓይን የማይወጋ ቢጫ መብራት በርቷል። ከታች ፍሪጅ አለ፤ በሩ መስታወት ስለሆነ ሳይከፈት በውስጡ ያለው ይታያል። ውሃው በግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው እንጂ በሁለት ጉንጭ በምታልቀው ጨቅላ ጠርሙስ አይደለም። ሳንድዊቾቹ አንድ በአንድ ተጠቅልለው ምን እንዳለባቸው፣ ለውዝ ይኑራቸው አይኑራቸው በጉልህ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ በዚያ ብርሃን ያለ መነጽር አነበብኩት። አይብና ጨዋማ ብስኩት በትንሽ ሳጥን፣ ፖም፣ ሙዝ፣ ጥቁር ቸኮሌት፣ በሙቅ ውሃ የሚዘጋጅ የኩባያ ኑድል። በጎን በኩል የቆሻሻ መጣያ ቀዳዳ። ይህችን ቀዳዳ የሚያስታውስ ዲዛይነር ጥቂት ነው፤ ያለ እሷ ሰው የሙዝ ልጣጭ ይዞ ወደ አልጋው ይመለሳል። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነበር። ሳንድዊች አንስቼ ዘወር ስል አንዲት አስተናጋጅ መጣች፣ ያነሳሁበትን ቦታ በሌላ ሳንድዊች ሞላች፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ተመለሰች። አላናገረችኝም፣ አላስቸገረችኝም። ከዚህ የበለጠ መስተንግዶ አልፈልግም።

የባሰው፣ ስሙን ልተወውና፣ እንዲህ ነበር። የሜኑው የመጨረሻ ገጽ "በፈለጉት ሰዓት ይጎብኙን" ብሎ የመክሰስ ዓይነት ይደረድራል። ሄድኩ። መጋረጃው ጥብቅ ተደርጎ ተዘግቷል። ገለጥ ሳደርገው ሁለት አስተናጋጆች በሚታጠፉት ወንበሮቻቸው ላይ ተቀምጠው እራታቸውን ይበላሉ፤ ቅርጫቷ ከጀርባቸው ናት። በውስጧ የቀረው አንድ ዓይነት ብስኩት ብቻ ነው፣ እሱም ኢኮኖሚ ውስጥ ከቡና ጋር የሚታደለው። አንደኛዋ ሹካዋን አስቀምጣ ብድግ አለች። "ምን ላምጣልዎ?" ስትል ድምጿ ትሁት ነው፣ ዓይኗ ግን ደክሟል። ብስኩቱን ይዤ ወጣሁ፤ ሰው ቤት በምሳ ሰዓት ሳላንኳኳ የገባሁ ያህል ነበር እፍረቱ።

በዚህ አስተናጋጆቹን የሚወቅሱ ሰዎች አይገቡኝም። ጋሊው ለእነሱ ምግብ ማሞቂያ ነው፣ መጋዘን ነው፣ እግራቸውን የሚያሳርፉበት ቦታም ነው። የተሳፋሪን ቅርጫት እዚያ መሃል የሚያስቀምጥ ኩባንያ ወይ ተሳፋሪውን ወይ ሠራተኛውን ማስቀየሙ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ያስቀይማል። ጥፋቱ የወለሉን ፕላን ያጸደቀው ሰው ነው። አውሮፕላን ውስጥ ስፍራ ገንዘብ ነውና፣ መደርደሪያ የሚቆምበት ቦታ ሁሉ ወንበር ሊገጠምበት ይችል ነበር ተብሎ ይሰላል። ጥሩዎቹ የመክሰስ ማንሻ ቦታዎች በሁለተኛው በር አካባቢ የሚበዙት በከፊል ለዚህ ነው፤ በሩ ፊት ለፊት ያለው ስፍራ ለአደጋ ጊዜ መውጫ ክፍት መሆን ስላለበት ወንበር አይገባበትም፣ ግድግዳው ግን ለሥራ ይውላል። ስለዚህ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ሜኑውን ሳይሆን የወንበር ካርታውን አያለሁ። ሜኑ ቃል ነው፣ ካርታ ግን የተገጠመ ብረት ነው።

ሌላም የምጠረጥረው ነገር አለ። አንዳንድ ቦታ "ራስዎን ያስተናግዱ" ማለት "ደወሉን አይንኩብን" ማለት ሆኗል። ቅርጫት ሲመጣ ሁለተኛው ምግብ ይቀጥናል፣ ለሁለት ሰዓት ያህል በመተላለፊያው የሚያልፍ ሰው አይኖርም። እግሩን የሚያመው፣ ሕፃን ደረቱ ላይ ያስተኛ፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ተነስቶ ማንሳት አይችልም። ሰልፍ ሰርቪስ ከመስተንግዶው ላይ ሲጨመር ነው የምወደው፤ መስተንግዶውን ሲተካ ግን ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ መብሉ። ትልልቅ አውሮፕላኖች ሲበሩ የካቢኑ አየር ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንደመቆም እንዲሆን ነው የሚፈቀደው፤ በቦይንግ 787ና በኤርባስ ኤ350 ወደ 1,800 ሜትር ግድም ይወርዳል። የአየሩ እርጥበት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። አፍንጫ ይደርቃል፣ አፍንጫ ሲደርቅ ጣዕም ይሸሻል። ሉፍታንዛ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀርመኑን ፍራውንሆፈር ተቋም ጠይቆ በአነስተኛ ግፊት ክፍል ውስጥ በተቀመጠ የአውሮፕላን አካል ሰዎችን አስቀምሶ ነበር፤ የጨው ስሜት ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ የስኳሩ ከ15 እስከ 20 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 85 ዴሲቤል ገደማ የሆነ የካቢን ጩኸት በጆሮ ማዳመጫ እያሰሙ ሲያስቀምሱ ጣፋጩ ደብዝዞ፣ ኡማሚ የሚባለው የቲማቲም፣ የእንጉዳይና የበሰለ አይብ ጣዕም ጎልቶ ወጣ። የቲማቲም ጁስ መሬት ላይ የማይነኩት ሰዎች አየር ላይ የሚጠይቁት ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እየታወቀ አብዛኛው ቅርጫት ምን ይሞላዋል? ደረቅ ብስኩት፣ ደረቅ ኬክ፣ ጣፋጭ የእህል ባር። የማይበላሹና ፍሪጅ የማይፈልጉ ስለሆኑ ነው እንጂ እዚያ ከፍታ ላይ የሚጣፍጡ ስለሆኑ አይደለም። ደረቅ ነገር በደረቀ አፍ ማኘክ ቅጣት ነው። የሳጥኑ አይብና የኩባያው ኑድል ሁልጊዜ ቀድመው የሚያልቁት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ የግዢ ክፍል ቢኖር ደስ ይለኝ ነበር። ቺፕስንም እወዳለሁ፤ ግን የላስቲኩ ጩኸት በተኛ ካቢን ውስጥ ኃጢአት ያሰኛል። እዚያው ቆሜ እከፍተዋለሁ።

ሻይ የሚወድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። 1,800 ሜትር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ 2,400 ሜትር ላይ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። ጥቁር ሻይ እንደ ቤት አይወጣለትም፤ ቅጠሉን ረዘም ላለ ጊዜ መዘፍዘፍ ነው፣ ሌላ መላ የለውም። የጋሊው ሙቅ ውሃ የሚመጣው ከአውሮፕላኑ ታንከር ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ይህ ውሃ የራሱ ደንብ ወጥቶለት ታንከሩ በየጊዜው መታጠብና ውሃው መመርመር አለበት፤ የሚጠነቀቅ ሰው ግን ለመጠጥ የታሸገውን ይመርጣል። እኔም እመርጣለሁ፣ ሻይ ሲያምረኝ ግን ደንቡን አምኜ እጠጣለሁ።

አልኮልን ከዚህ ጥግ ባወጡት የሚል አቋም አለኝ፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል። የአሜሪካ አቪዬሽን ሕግ ለራሷ አየር መንገዶች ግልጽ ነው፤ ድርጅቱ ራሱ ያላቀረበውን አልኮል ተሳፋሪ አውሮፕላን ውስጥ መጠጣት አይችልም። ወይን ጠርሙስ ተከፍቶ "ራስዎ ይቅዱ" የሚባልበት ጥግ ስንት እንደተጠጣ የሚቆጥር ሰው የለውም። የጤናውም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2024 ቶራክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የጀርመን የበረራና ጠፈር ማዕከል ጥናት ጤነኛ ወጣቶችን ጥቂት አስጠጥቶ በካቢን ግፊት አስተኝቷቸው ነበር። የደማቸው ኦክስጅን ወደ 85 በመቶ ሲወርድ የልብ ምታቸው በደቂቃ ወደ 88 ወጣ፤ ሳይጠጡ በዚያው ግፊት የተኙት ግን 88 በመቶና 73 ምት ግድም ላይ ነበሩ። መጠጣት የሚፈልግ ይጠጣ፤ ሰው ይቅዳለት ነው የምለው።

የቀበቶው ምልክት ሲበራ ይህ ሁሉ ይዘጋል፤ መዘጋትም አለበት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር የሚበረው የሲንጋፖር አየር መንገድ ኤስኪው321 በከባድ የአየር መናወጥ ሲመታ አንድ ተሳፋሪ ሞቷል፣ ብዙዎች ቆስለዋል። ከዚያ በኋላ አየር መንገዱ ምልክቱ በበራ ጊዜ ትኩስ መጠጥ ብቻ ሳይሆን ምግብ ማቅረብም አቆመ። በባዶ ሆድ ምልክቱ እስኪጠፋ መጠበቅ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ግን ቆሞ የፈላ ውሃ ኩባያ ላይ የሚቀዳ ሰው አጠገብ መሆን አልፈልግም። እንደነቃሁ ምልክቱ ጠፍቶ ካየሁት ሳላመነታ የምነሳው ለዚህ ነው።

የኮቪድ ዘመን ብዙዎቹን ጠረጴዛዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ዘጋቸው። የተመለሱት በአብዛኛው የታሸገ ነገር ይዘው ነው፤ በዚህ አላዝንም። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ባክቴሪያ ይራባል፤ ክፍት ሳህን ላይ ለሰዓታት የቆየ የዓሣ ሳንድዊች፣ ስንት እጅ እንደነካው ሳይታወቅ፣ ከሽንት ቤቱ በር ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ። የምግብ ፎቶ ላይ ያምር ይሆናል። እኔ የተጠቀለለውን ስጡኝ።

ባቡር ላይ ነገሩ ይቀላል። በስዊድኑ ኤስጄ አንደኛ ማዕረግ ቡናውን፣ ሻዩንና ፍራፍሬውን ሰው ራሱ ያነሳል፤ የካናዳው ቪያ ሬይል ረጅም መንገድ ባቡር ላይ ባለ መኝታ ተሳፋሪዎች በመስታወት ጣሪያው ሠረገላ ቡናና ኩኪስ ያገኛሉ። ግፊት የለ፣ የደረቀ አፍንጫ የለ፣ ቢያልቅም የሚቀጥለው ጣቢያ አለ። ስለዚህ ባቡር ላይ ያለችን ባዶ ቅርጫት በአውሮፕላኗ ልክ አልቆጣትም።

የምጓጓለት የአውስትራሊያው አየር መንገድ የካንታስ ዕቅድ ነው። ፕሮጀክት ሰንራይዝ ብለው ከሲድኒ ወደ ለንደንና ወደ ኒው ዮርክ ሳያርፉ ለመብረር ባዘዙት ኤ350-1000 ላይ 238 ወንበር ብቻ ገጥመው በፕሪሚየም ኢኮኖሚና በኢኮኖሚ መካከል የሰውነት ማፍታቻ ቦታ እያስገቡ ነው፤ መጠጥና መክሰስም ተሳፋሪው ራሱ የሚያነሳበት። ከቢዝነስ ክላስ መጋረጃ ውጪ መሆኑን ወድጄዋለሁ፤ ረሃብ ማዕረግ አይመርጥም። ሃያ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሊወስድ በሚችል በረራ ላይ አሥራ አራተኛው ሰዓት ሲደርስ መደርደሪያው ምን እንደሚመስል ግን አይቼ ነው የማምነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ቀን ለሚበር፣ ከስምንት ሰዓት በታች ለሚጓዝ፣ የቀረበለትን እራት በልቶ ለሚተኛ ሰው ይህች ጥግ ብትኖርም ባትኖርም ለውጥ የላትም፤ ለእሷ ብሎ ገንዘብ አይጨምር። በሌሊት ለአሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ለሚበርና እንደ እኔ እራት ለሚዘል ሰው ግን ወንበር ላይ ካለ በር ትበልጣለች። ወንበር ስትመርጡ ከመክሰስ ማንሻው ቦታ ቢያንስ ሦስት ረድፍ ራቁ፤ ፍሪጅ የሚከፍት ሰው ቀስ ብሎ አይዘጋም። ስትሳፈሩም ቦታው የት እንደሆነና መቼ እንደሚዘረጋ ጠይቁ። "ሲፈልጉ ይደውሉ፣ እናመጣለን" ካሏችሁ የተዘረጋ ነገር የለም ማለት ሊሆን ይችላልና፣ ቀድማችሁ ከአየር ማረፊያው ላውንጅ ስትወጡ አንድ ሙዝ ቦርሳችሁ ውስጥ ብትጥሉ አይከፋም። ሙዙን ግን ሳትወርዱ ብሉት፤ ፍራፍሬ ይዞ መግባት የሚከለክሉ አገሮች አሉ፣ ቅጣታቸውም ከሙዙ ዋጋ ጋር አይገናኝም።